ደንበኛና ደንቡ
በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የውሃ መሳቢያ ሞተር ንግድ ገዢና ሻጭ እርስ በርሳቸው ስለሚገባቸው ጨዋነት

«ደንበኛ» የተባለው ቃል «ደንብ» ከሚለው ቃል የተገኘ ነው። ስለዚህ ደንበኛ ማለት ገንዘቡን ከፍሎ፣ ዕቃውን ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ማለት ብቻ አይደለም፤ ከሻጩ ጋራ የታወቀ ደንብ ያለው ሰው ማለት ነው። ሻጩ ለደንበኛው ሊያደርግለት ስለሚገባው ነገር፣ ይኸውም ስለ ትክክለኛ ሚዛን፣ ስለ ተገቢ ዋጋና ስለ መልካም አቀባበል ብዙ ጊዜ ይነገራል። ደንበኛው በበኩሉ ለሻጩ ሊያደርግለት ስለሚገባው ነገር ግን ሲነገር የሚሰማው ጥቂት ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው ባለው ገጠር የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚሸጥበትንና የሚገዛበትን ሁኔታ የተመለከተ ሰው ይህ ሁለተኛው ክፍል መዘንጋቱ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያስከትል በቀላሉ ሊረዳው ይችላል።

ክረምቱ አልፎ የመኸሩ እህል ከተሰበሰበ በኋላ በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬና በወንበርማ ወረዳዎች ያለው ገበሬ እንደ ብር፣ ላህና ፈጣም ካሉት ወንዞች፣ እንዲሁም ከየአካባቢው ምንጮች ውሃ እየሳበ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጎመንና በቆሎ ያለማል። ማሳው ከወንዙ ከፍ ብሎ በሚገኝበት ስፍራ ውሃው በቦይ አይደርስም፤ በቤንዚን ወይም በናፍጣ ሞተር መሳብ አለበት። ሞተሩን የሚሸጡት፣ ቱቦውንና መለዋወጫውን የሚያቀርቡት፣ ሲበላሽም የሚጠግኑት ወይም ጠጋኝ ፈልገው የሚያገናኙት የየከተማው ባለ ሱቆች ናቸው።

ከእነዚህ ሱቆች በአንዱ ዘወትር የሚደርሰው ነገር እንደሚከተለው ነው። አንድ ገበሬ ይመጣና የትኛው ሞተር እንደሚበጀው ይጠይቃል። ባለ ሱቁም ማሳው ከወንዙ ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል፣ ውሃው ምን ያህል ርቀት እንደሚጓዝ፣ የሚለማው መሬት ስንት ጥማድ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። ሁለቱን ሦስቱን ሞተር አስነሥቶ ያሳየዋል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ያስረዳዋል። እንግዳውም የተመረጠለትን ሞተር ስምና ቁጥር በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣና «አስቤበት እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በቴሌግራም ከሚለጠፈው የአዲስ አበባ ዋጋ ጋራ አስተያይቶ፣ ገንዘቡን በስልክ ይልክና ሞተሩን በአውቶቡስ ያስመጣል። በዚህም 2,000 ብር አተረፈ እንበል። ከአንድ ወር በኋላ ሞተሩ አልነሣ ሲለው ግን ተሸክሞ የሚመጣው መጀመሪያ ወደ መከረው ወደዚያው ባለ ሱቅ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ የመረጡልኝ ሞተር እኮ ነው» ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ባለ ሱቁ በነጻ የሰጠው ምክር ግን ዋጋ የሌለው ነገር አልነበረም። የውሃ መሳቢያ ሞተር በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ሲያወጣ ውሃውን ከወንዙ ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ግፊት ነው። ይህ ግፊት በባሕር ዳርቻ ውሃን እስከ 10 ሜትር ገደማ ሊያነሣ ይችላል፤ ቦታው ከፍ ባለ መጠን ግን እየደከመ ይሄዳል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 እስከ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ ስለ ሆኑ፣ በዚያ አገር በሒሳብ የሚገኘው ከፍታ ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም። በሥራ ላይ ሲውል ደግሞ በቱቦው ውስጥ በሚደርሰው ሰበቃና በመገጣጠሚያው በኩል በሚገባው አየር ምክንያት ከ5 ወይም ከ6 ሜትር በላይ ይሳባል ብሎ መተማመን አይቻልም። ሞተሩም ራሱ በደጋ አገር አየሩ ስስ በመሆኑ ኃይሉ ይቀንሳል፤ በ2,000 ሜትር ከፍታ የሚሠራ ተራ የቤንዚን ሞተር በባሕር ወለል ከሚሰጠው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በካርቶኑ ላይ የታተመው ቁጥር ይህን አይናገርም። የሚናገረው የአካባቢውን ወንዝና ገደል የሚያውቀው ባለ ሱቅ ነው።

ስለዚህም ልምድ ያለው ሻጭ ሞተሩ ከማሳው ዳር ሳይሆን ከወንዙ አጠገብ ተቀምጦ ውሃውን ወደ ላይ እንዲገፋ ይመክራል። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት መሳቢያው ውሃ መሞላት እንዳለበት፣ ደረቁን ቢሠራ ግን ውሃውን የሚያግደው መዝጊያ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተቃጥሎ ማፍሰስ እንደሚጀምር ያሳያል። ጠጠርና ቅጠል እንዳይገባ በቱቦው ጫፍ ማጣሪያ እንዲደረግ፣ ዘይቱም በጊዜው እንዲለወጥ ያስጠነቅቃል። ይህን ሁሉ ሳይሰማ በሩቅ ገበያ የገዛ ሰው በዋጋ ያተረፈውን በአንድ ጥገና ሊያጣው ይችላል።

ታዲያ በአገር ቤት ሱቅ ዋጋው ስለምን ከፍ ይላል? ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ወደ 390 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ዳር ደግሞ ወደ 175 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ስለዚህ የጭነቱ ኪራይ በዋጋው ላይ ይታሰባል። የሱቅ ኪራይና ግብርም አለ። ከሁሉ በላይ ግን ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው በመለዋወጫ ላይ ታስሮ የሚቀመጠው ገንዘብ ነው። ካንዴላ፣ የፒስተን ፋሻ፣ የማስነሻ ገመድና የመሳሰለው ትንንሽ ዕቃ ለብዙ ወራት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ምናልባት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይፈለግ ይሆናል፤ በሚፈለግበት ቀን ካልተገኘ ግን ማሳው ይደርቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ የብር ዋጋ ከውጭ አገር ገንዘቦች አንጻር እጅግ ስለ ቀነሰ፣ አንድ ሞተር የሸጠ ነጋዴ ያንኑ ሞተር መልሶ ለመተካት ከቀድሞው የበለጠ ብር ያስፈልገዋል። ይህን ያልተረዳ ደንበኛ ነጋዴው አለአግባብ ዋጋ የጨመረ ይመስለዋል፤ ነጋዴውም ምክንያቱን ሳያስረዳ ዝም ሲል ጥርጣሬው እየጠነከረ ይሄዳል።

ገዢው ርካሽ ዋጋ በመፈለጉ ሊነቀፍ አይገባውም። ገበሬው ገንዘቡን የሚያገኘው በድካሙ ነው፤ ስለ ዕቃው አንዳች ዕውቀት ሳይኖረው ዋጋ ብቻ ለሚጨምር ነጋዴም ውለታ የለበትም። ሕጉም ቢሆን ከገዢው ጋራ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ዕቃ አማርጦ የመግዛት መብት እንዳለው፣ የዕቃውን ጥራት ወይም ዓይነት በመመልከቱ ወይም በዋጋ በመደራደሩ ምክንያት እንዲገዛ እንደማይገደድ፣ በትሕትናና በአክብሮት ሊስተናገድ እንደሚገባውም ደንግጓል። ይሁን እንጂ ሕጉ የከለከለው የሻጩን ማስገደድ ነው እንጂ የገዢውን ውለታ ማወቅ አይደለም። ሕግ ያላዘዘውን ይህን ነገር የሚያዝዘው ጨዋነት ነው።

ይህ ጉዳይ የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ብቻ አይደለም። ባሕር ባላቸው አገሮች ከውሃ በታች ጠልቀው ለሚዋኙ ሰዎች መሣሪያ የሚሸጡ ሱቆች ያንኑ ችግር ያውቁታል። ጠላቂው የሚተነፍሰውን አየር በብረት ሲሊንደር ተሸክሞ ይወርዳል። ፊቱ ላይ የሚያደርገው መነጽር ውሃ እንዳያስገባ ከፊቱ ቅርጽ ጋራ መስማማት ስላለበት ወደ ቅርቡ ሱቅ ገብቶ አንድ በአንድ ይለካል፤ ሻጩም ያግዘዋል። ከዚያ ወጥቶ የተስማማውን መነጽር ከሩቅ ነጋዴ በርካሽ አዝዞ በፖስታ ያስመጣል። ነገር ግን ሲሊንደሩ ከተራው አየር 200 እጥፍ ገደማ በሆነ ግፊት መሞላት አለበት፤ በአሜሪካም በየ5 ዓመቱ የግፊት ፈተና ይደረግለታል። መነጽር በፖስታ ይመጣል፤ የተሞላ አየር ግን በፖስታ አይመጣም። አየሩን የሚሞላው የቅርቡ ሱቅ ገበያ አጥቶ የተዘጋ እንደ ሆነ በርካሽ የተገዛው መሣሪያ ሁሉ ቤት ይቀመጣል። በጎጃምም ሞተሩ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ጠጋኙና መለዋወጫው ግን አብረውት አይመጡም።

እንግዲህ የደንበኛው ደንብ ከዚህ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ዋጋ ለመጠየቅ ብቻ የመጣ ሰው ይህንኑ አስቀድሞ ቢናገር ነውር የለበትም፤ ሻጩም ጊዜውን እንደዚያው ይመጥናል። ሁለተኛ፣ በሌላ ስፍራ ርካሽ ዋጋ ያገኘ እንደ ሆነ ከመግዛቱ በፊት ተመልሶ ለመከረው ሻጭ ቢነግረው መልካም ነው፤ ያልተባለ ዋጋ ፈጥሮ «እገሌ በዚህ ይሸጣል» ማለት ግን ድርድር ሳይሆን ማታለል ነው። ሦስተኛ፣ ከሌላ የገዛውን ሞተር ለጥገና ሲያመጣ ከሌላ መግዛቱን በግልጽ ተናግሮ የጥገናውን ሙሉ ዋጋ ሳያጉረመርም ይክፈል፤ ከእርሱ በፊት ተራ ለያዙትም ይታገሥ። አራተኛ፣ ዱቤ ሲያስፈልገው ወደ ጎረቤት ሱቅ፣ እጅ በእጅ ሲከፍል ወደ ሩቅ ገበያ መሄድን ልማድ አያድርግ። ባለ ሱቁ ሽንኩርቱ እስኪሸጥ ድረስ የሚታገሠው በእጁ የገባው ጥሬ ገንዘብ እስካለ ድረስ ነው፤ «ዱቤ የለም» የሚለው ጽሑፍ በብዙ ሱቆች ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውም ዱቤውን በቀኑ የማይከፍል ደንበኛ ሲበዛ ነው።

ነጋዴውም በበኩሉ ደንበኝነትን በልመና ወይም በቅሬታ ሊያገኘው አይችልም። ዋጋውን ጽፎ ይስቀል፤ የጨመረ እንደ ሆነም ምክንያቱን ያስረዳ። የዕቃውን ዋጋና የአገልግሎቱን ዋጋ ለየብቻ ያስቀምጥ፤ ለምሳሌ ከእርሱ ለገዛ ሰው ሞተሩን ወንዝ ዳር ወርዶ በነጻ ቢተክልለትና የመጀመሪያውን ዘይት ቢለውጥለት፣ ከሌላ ለገዛው ደግሞ ይህንኑ ሥራ በታወቀ ዋጋ ቢሠራለት፣ ገዢው በልዩነቱ ምን እንደሚያገኝ ያለ ብዙ ንግግር ይገባዋል። ከሌላ ቦታ የተገዛ ሞተር ይዞ የመጣውን ሰው ግን መስደብ ወይም መመለስ አይገባም። ያ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሞተር ወይም 50 ሜትር ቱቦ ሊገዛ ይችላል፤ በችግሩ ቀን የተቀበለውን ሱቅም አይረሳም።

የአስመጪውና የጅምላ ሻጩ ድርሻም ቀላል አይደለም። አስመጪው ለክፍለ አገሩ ቸርቻሪ የሚሸጥበትን የጅምላ ዋጋ ለአንድ ሞተር ገዢ የሰጠ እንደ ሆነ፣ የራሱን ወኪል በራሱ ዕቃ ይወዳደረዋል። ቸርቻሪው ያንን ምርት መያዝ ሲተው አስመጪው በዚያ አገር ዕቃውን የሚያስረዳለት፣ የሚጠግንለትና ስሙን የሚያስጠብቅለት ሰው አይኖረውም። ስለዚህ ለነጠላ ገዢ የችርቻሮ ዋጋ መጠየቅ፣ ከሞተሩ ጋራ በቂ መለዋወጫ ማስገባትና የዋስትና ወረቀቱ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ባለው ወኪል ዘንድ እንዲሠራ ማድረግ ለራሱ ለአስመጪው የሚበጅ ነው።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ምሳሌ ለንግድም ይስማማል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዶች በየጊዜው ሲዘጉ፣ ከአዲስ አበባ የታዘዘ ዕቃ በቀኑ እንደማይደርስ የአካባቢው ሕዝብ አይቷል። በየካቲት ፀሐይ የተተከለ የሽንኩርት ችግኝ ግን መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። ሞተሩ በቆመበት ቀን ገበሬው የሚያስፈልገው አንዲት ካንዴላና እርሷን መግጠም የሚያውቅ እጅ ነው። እነዚህ ሁለቱ በከተማው የሚገኙት ባለ ሱቁ ባለፈው ዓመት በሸጠው ሞተር ትርፍ ሱቁን ሳይዘጋ ከቆየ ነው፤ ሞተሩንም ከማን መግዛት እንደሚሻል የሚያስብ ገበሬ ይህን ከዋጋው ልዩነት ጋራ አብሮ ቢያሰላው ሒሳቡ የተሟላ ይሆንለታል።