የተደበቀው ትራንስክሪፕት

ስልኩ የጮኸው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። በፓስተር ቤት ሌሊት ስልክ መደወሉ አዲስ ነገር ስላልሆነ ባለቤቴ እንደ ልማዱ ሊነሳ ሲል፣ የሚደወለው የእኔ ስልክ መሆኑን አየሁ። አሜሪካ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነበር።

«አክስቴ፣ ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። ነጠላዬን ደርቤ ወደ ሳሎን ወጣሁ።

«ትምህርት ቤቶቹ አልተቀበሉኝም። ሰባቱም። ለአባዬ ግን ተቀብለውኛል ብዬ ነግሬዋለሁ።»

ይህ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የምጽፈው በልጁም በአባቱም ፈቃድ ነው። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ ውጭ አገር ባሉ ልጆቻችንም ዘንድ፣ ዝቅ ያለ ውጤቱን ደብቆ የሚኖር ወጣት ጥቂት እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ ሁለቱም «ጻፊው» አሉኝ።

ለምን ፊዚዮቴራፒ?

የልጁ አባት ዱራሜ የሚኖር ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። በ2011 ዓ.ም. ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ለሕክምናው እንዲመች ሆሳዕና እኛ ቤት አምጥተነው ስምንት ወር ተቀመጠ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቤተሰቡን ሰብስቦ፣ «እኔ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የማየው። የቀሩት አምስት ቀናት የእናንተ ናቸው» አለን።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራው አልጋ ጠርዝ ላይ ሳይወድቁ መቀመጥ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ መጣ፤ በቀን አምስት ጊዜ፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሃያ። አንጎል የተጎዳ ክፍል ሲኖረው፣ ጤናማ የቀረው ክፍል ሥራውን የሚለምደው በብዙ ድግግሞሽ እንደሆነ ባለሙያው በትዕግሥት አስረዳን። ልጁ ይህን ሁሉ ከአሜሪካ በስልክ ቪዲዮ ይከታተል ነበር። አባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ረዳት የቆመ ቀን፣ «እኔም ይህን ሥራ ነው የምማረው» አለ።

ልጁ በ2007 ዓ.ም. በዲቪ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እየጠበቀ ቀን ባዮሎጂ ይማር ነበር። አባቱ ሲታመም ለሕክምናው የሚልከውን ገንዘብ ለመጨመር ሁለተኛ ሥራ ያዘ። ትምህርቱን ሲጨርስ አጠቃላይ ውጤቱ 2.7 ሆነ። በፊዚክስ ዲ፣ በአናቶሚና ፊዚዮሎጂ ሲ ነበረው።

ወረቀቱን ገልጦ ማየት

ያን ሌሊት ምክር አልሰጠሁትም። «ትራንስክሪፕትህን ክፈትና እያንዳንዱን ኮርስ አንብብልኝ» አልኩት። አፈረ። እኔም በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ግሪክኛ ወድቄ መድገሜን፣ ይህንንም ለባለቤቴ እንኳ የነገርኩት ከተጋባን በኋላ መሆኑን አወራሁት። ሳቀና ማንበብ ጀመረ።

ሲያነብ ሁለታችንም ያላየነው ነገር ወጣ። ከመጥፎዎቹ ውጤቶች አብዛኞቹ አባቱ በታመመባቸው ሦስት ሴሚስተሮች የመጡ ናቸው። የመጨረሻው ዓመት ውጤቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት በኬሚስትሪ ያገኘው ዲም አለ። «ያኔ አባትህ ጤነኛ ነበር፤ ይህስ ከየት መጣ?» አልኩት። ዝም ካለ በኋላ፣ «ያኔ አላጠናሁም» አለ።

ወገኖቼ፣ ይህች አንዲት መልስ ብዙ ዋጋ አላት። ሕመሙና ድካሙ እውነተኛ ምክንያት ነው። ኬሚስትሪው ግን የራሱ ስንፍና ነው። ሁለቱን አቀላቅሎ «በአባቴ ሕመም የተነሳ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለውን ቀን የሚያይ ማንም ሰው ይታዘበው ነበር።

የአባት መልስ

የሚከብደው ቀጥሎ ነበር። አባትየው ልጁ የፊዚዮቴራፒ ዶክተር ሊሆን ነው ብሎ በጉባኤ ፊት ምስጋና አቅርቧል። «እኔ ልንገርልህ?» ብዬው ነበር፤ «አይሆንም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለ። በሳምንቱ እኔ ዱራሜ እነርሱ ቤት ሳለሁ ደውሎ ለአባቱ ሁሉንም ነገረው።

አማቼ ስልኩን በቀኝ እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በደጃፉ ወዳለው እንሰት እያየ እንዲህ አለው፦ «ልጄ፣ እንሰት ከመጀመሪያው ቦታው ሳይነቀል አድጎ አያውቅም። ነቅለን ሌላ ቦታ እንተክለዋለን፤ ይጠወልጋል። እንደገና ነቅለን እንተክለዋለን። የሚበላው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። የዋሸኸኝ አሳዝኖኛል፤ ውጤትህ ግን አላሳዘነኝም።»

በቀጣዩ እሁድ በከዘራው ተደግፎ ተነሳና፣ «ልጄ ገና አልገባም፣ ጸልዩለት» አለ። እኔ እንደ ፈራሁት የሳቀ ሰው አልነበረም። ከአገልግሎት በኋላ ሁለት እናቶች መጥተው የራሳቸውን ልጆች ታሪክ በሹክሹክታ ነገሩኝ።

መንገዱ እንዴት ነው?

በአሜሪካ ፊዚዮቴራፒስት ለመሆን ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት የሚወስድ የዶክተርነት ትምህርት መማር ግድ ነው። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የሚያመለክቱባቸው ፒቲካስ በሚባል አንድ የጋራ አገልግሎት በኩል ነው። ብዙዎቹ ዝቅተኛ መነሻ አድርገው የሚጠይቁት 3.0 ሲሆን፣ የሚቀበሏቸው ተማሪዎች አማካይ ውጤት ግን ወደ 3.5 ይጠጋል። ስለዚህ 2.7 ይዞ ያለ ምንም ለውጥ ደጋግሞ ማመልከት ገንዘብ መጨረስ ነው።

ብዙ ወጣቶች የማያውቁት ስሌት አለ። ፒቲካስ ኮርሱን ብትደግሙትም አሮጌውን ውጤት አይሰርዝም፤ ሁለቱንም ይቆጥራል። በ120 ክሬዲት 2.7 ያለው ተማሪ፣ ሌላ 30 ክሬዲት ወስዶ ሁሉንም ኤ ቢያመጣ እንኳ 2.96 ነው የሚደርሰው። 3.0 ለመድረስ 36 ክሬዲት በሙሉ ኤ ያስፈልገዋል።

ተስፋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ከአጠቃላዩ ውጤት ለይተው የሚያዩት የቅድመ ሁኔታ ኮርሶችን ውጤት ነው፤ እነዚህም አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ስታቲስቲክስና የመሳሰሉት ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ የመጨረሻዎቹን 60 ክሬዲቶች ለብቻ ያሰላሉ። ኮርሶቹ ጥቂት ስለሆኑ ይህ ውጤት ቶሎ ይነሳል። የድጋሚውን ውጤት እንዴት እንደሚቆጥሩ ግን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ ስለዚህ ከማመልከት በፊት ለየትምህርት ቤቱ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የእህቴ ልጅ ያደረገው ይህን ነው። አንደኛውን የሌሊት ሥራ ተወ። ወደ ቤት የሚልከው ገንዘብ እንዲቀንስ ከአባቱ ጋር ተስማሙ፤ ይህም ለሁለቱም ቀላል አልነበረም። ኬሚስትሪን፣ ፊዚክስንና አናቶሚን በቅናሽ ክፍያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ደገመ። ሁሉንም በአንድ ሴሚስተር አላጨቀም፤ ሁለት ሁለት እያደረገ ወሰደ። በአንድ ክሊኒክ የፊዚዮቴራፒ ረዳት ሠራተኛ ሆኖ አልጋ እያጸዳ፣ ሕመምተኛ እያጀበ ሠራ። የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፈለት ይህን ሁሉ በዓይኑ ያየ ባለሙያ ነው። በማመልከቻው ላይ ስለ ውጤቱ የጻፈው አጭር ነበር፦ ምን እንደሆነ፣ የራሱ ጥፋት የትኛው እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደለወጠ።

ሌላም በር እንዳለ ይወቅ ነበር። የሁለት ዓመት ትምህርት ተምሮ የፊዚዮቴራፒስት ረዳት ባለሙያ መሆን ይቻላል። ይህም ፈቃድ ያለውና የተከበረ ሙያ ነው፤ ባልሳካ ኖሮ ያንን ሊማር ወስኖ ነበር።

በአገራችን ላላችሁ

በኢትዮጵያ ፊዚዮቴራፒ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ይሰጣል፤ ከሚያስተምሩት አንዱ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ እዚህ ልጆቻችን የሚፈተኑት ቀደም ብለው ነው፤ በ12ኛ ክፍል ፈተናና በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አንረሳውም። ያኔ ስንቱ ቤት ለቅሶ ቤት ሆኖ ነበር! ከወደቁት ብዙዎች በዚያው ዓመት በተጀመረው የሬሜዲያል ፕሮግራም እንግሊዝኛን፣ ሒሳብን፣ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን ደግመው ተምረው ወደ አንደኛ ዓመት ገቡ።

ነገር ግን መግባት መጨረሻ አይደለም። የትምህርት ክፍል ሲመደብ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ይታያል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶ ማለፍ ግድ ሆኗል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ የወረደ ልጅ ሰኔን አይጠብቅ። ወዲያው መምህሩን ይጠይቅ፤ የሚደገመውን ኮርስ ይወቅ፤ ያለቀበትን ምክንያት በግልጽ ይለይ።

ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። ልጆቻችን ውጤታቸውን የሚደብቁት ብዙውን ጊዜ ከእኛ ነው። «የእገሌ ልጅ ዶክተር ሆነ» እያልን ማዕድ ላይ ስንናገር፣ አጠገባችን የተቀመጠው ልጅ ወረቀቱን የበለጠ ይሸሽገዋል። የተደበቀ ወረቀት ደግሞ ሊታረም አይችልም።

የእህቴ ልጅ በ2016 ዓ.ም. በሁለተኛው ሙከራው ካመለከተባቸው አምስት ትምህርት ቤቶች አንዱ ተቀበለው። አሁን ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ነው። ዜናውን ለአባቱ ሲነግረው ስልኩን አጠገቤ ነበር የያዘው፤ አማቼ የጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «ደብዳቤውን አይተኸዋል?» የሚል ነበር። ልጁ በቪዲዮ አሳየው። አባትየው እንግሊዝኛ አያነብም፤ ግን መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች ተመለከተው። ከዚያ ከዘራውን አንስቶ ለሽማግሌዎቹ ሊነግር በእግሩ ሄደ።