ካይዘን፦ አምስተኛው «ማ» ለምን ይከብዳል?

ከቦሌ ሚካኤል አደባባይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ አንድ አነስተኛ ጋራዥ እናስብ። መኪናው በክሪክ ተነሥቷል፤ ደንበኛው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ መካኒኩ ከመኪናው ሥር ወጥቶ አሥራ ሦስት ቁልፍ ያፈላልጋል። ረዳቱ ካቻቢቴና ፒንሳ የተደባለቀበትን ሣጥን ይገለብጣል፤ ቁልፉ ግን ትናንት ሌላ መኪና ውስጥ ተረስቷል። እንዲህ የባከነች ሩብ ሰዓት ደረሰኝ ላይ አትጻፍም። የባለቤቱ ትርፍ የሚያልቀው ግን በእሷና በመሰሎቿ ነው። ካይዘን ሥራውን የሚጀምረው ከዚያች ከጠፋችው ቁልፍ ነው።

ካይዘን ከጃፓን የመጣ፣ ሥራን በየቀኑ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ከጥበቃ እስከ ሥራ አስኪያጅ ሁሉም እየተሳተፈ የማሻሻል ዘዴ ነው። አዲስ ማሽን ግዙ አይልም፤ መጀመሪያ ያላችሁን በወጉ ተጠቀሙበት ይላል። በፋብሪካዎቻችን ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የምናያቸው አምስቱ «ማ»ዎች መግቢያው ናቸው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የሚያስፈልገው ከማያስፈልገው ይለያል፤ ለሚያስፈልገው ቋሚ ቦታ ይሰጠዋል። ቦታውም መሣሪያውም ይጸዳል፤ ሲጸዳ የላላ ብሎንና የሚያንጠባጥብ ዘይት ይታያልና። ይህ የሁሉም የዘወትር ደንብ ይሆናል፤ በመጨረሻም ተቆጣጣሪ ሳይቆምበት ይቀጥላል። ከዚያ ብክነትን ማደን ይመጣል። ከመጠን በላይ ማምረት፣ ክምችት፣ መጠበቅ፣ ማጓጓዝ፣ አላስፈላጊ እንቅስቃሴ፣ የማይጠቅም የሥራ ሂደትና እንከን ያለበት ምርት «ሰባቱ ብክነቶች» ይባላሉ።

በአውሮፕላን ጥገና ሙያ «ማስቀመጥ» ለውይይት አይቀርብም። እያንዳንዱ መሣሪያ በቅርጹ ልክ የተሠራለት ቦታ አለው፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ከታየ ፍለጋ ይጀመራል፤ መሣሪያው ሳይገኝ አውሮፕላን አይለቀቅም። የቦሌ አየር ማረፊያ አጥር ከቦሌ ሚካኤል ሩቅ አይደለም። ይህ ሥርዓት ወደ ሰፈሩ ጋራዥ እንዲገባ የሚያስፈልገው አንድ ጣውላ፣ ጥቂት ምስማርና የመሣሪያዎቹን ቅርጽ የሚስል ቀለም ነው።

ብዙ ሰው ይህ ሁሉ ከጃፓናውያን ጋር አብሮ የተፈጠረ ጠባይ ይመስለዋል፤ «እኛ ጃፓን አይደለንም» እያለም ራሱን ነፃ ያወጣል። ታሪኩ ግን እንዲያ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ዕቃ የሚታወቀው በርካሽነቱና ቶሎ በመበላሸቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤድዋርድስ ዴሚንግ ጃፓን ሄዶ የጥራት ቁጥጥር አስተማረ። በዚያው ዓመት የቶዮታ ኃላፊዎች አሜሪካ ተሻግረው የፎርድን ፋብሪካ ጎበኙ፤ በ1951 ሠራተኛው የማሻሻያ ሐሳብ የሚያቀርብበትን ሥርዓት በድርጅታቸው ተከሉ። በ1962 ደግሞ ሠራተኞች ራሳቸው ችግራቸውን የሚፈቱባቸው የጥራት ቡድኖች መመሥረት ጀመሩ። ማሳኪ ኢማይ በ1986 ያሳተመው መጽሐፍ የካይዘንን ስም በዓለም አሰራጨ። ጃፓኖቹም ተምረው፣ ኮርጀው፣ ዓመታት ታግለው ነው ባህል ያደረጉት።

ወደ እኛ የመጣበት መንገድም የሚታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ ጉባኤ የጃፓን ምሁራን የአገራቸው መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት ጃይካ በቱኒዚያ ያካሄደውን የጥራትና ምርታማነት ፕሮጀክት አቀረቡ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ይኸው ለኢትዮጵያም እንዲደረግ ጠየቁ። በ2009 ሥራው ተጀምሮ 30 ፋብሪካዎች ለሙከራ ተመረጡ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተቋቋመ። የቴክኒክና ሙያ መምህራንም ሥልጠናውን ወደ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት አወረዱት።

የመንግሥት ሠራተኛው ከዚያ በፊት ቢፒአር የተባለውን የአሠራር ለውጥ አይቷል። ያ የነበረውን አፍርሶ ሥራን እንደ አዲስ መንደፍን የሚጠይቅ ለውጥ ነበር፤ ካይዘን በተቃራኒው ካለው ይነሣል። ችግሩ ብዙ መሥሪያ ቤት ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መንፈስ መቀበሉ ነው፦ እንደ ዘመቻ።

አራቱን «ማ»ዎች በዘመቻ መወጣት ይቻላል። ግቢው ይጸዳል፣ ወለሉ ላይ ቢጫ መሥመር ይሠመራል፣ ለዓመታት የተከመረ ቁርጥራጭ ብረት ተሽጦ ገንዘብ ይሆናል፤ «ከካይዘን በፊት» እና «ከካይዘን በኋላ» የሚሉ ፎቶግራፎች ይለጠፋሉ። ማዝለቅ ግን በዘመቻ አይሆንም። አሠልጣኙ ከሄደ በኋላ መሥመሩ ላይ ካርቶን ይደረደራል፤ የካይዘን ልማት ቡድን ተብሎ የተቋቋመው የሠራተኞች ቡድን ስብሰባ «ትእዛዝ በዛብን» ተብሎ ይዘለላል፤ የሐሳብ መስጫው ሣጥን ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል። በእኔ እምነት የዚህ ዋናው ምክንያት የሠራተኛ ስንፍና አይደለም። ሠራተኛው ሐሳብ አቅርቦ መልስ አላገኘም፤ ወይም በሐሳቡ ምክንያት ወጪ ሲቀንስ ተመስጋኙ አለቃው ሆኗል። ያን ያየ ሰው ሁለተኛ አፉን አይከፍትም።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ባሉ አምስት ኩባንያዎች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። የፋብሪካ ሥራው ከደረሳቸው መካከል ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በዓመቱ ውስጥ ለቀቁ። ክፍያው ከሌላው የጉልበት ሥራ የተሻለ አልነበረም፤ ጤናንም ይጎዳ ነበር። ዛሬ የሠለጠነው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ከሌለ አምስተኛውን «ማ» ማን ይያዘው? ስለዚህ ካይዘንን ከደመወዝ፣ ከምሳ፣ ከትራንስፖርትና ከአየር ማናፈሻ ነጥሎ ማስተማር ከንቱ ልፋት ነው። እነዚህ ያልተሟሉለት ሠራተኛ የድርጅቱን ብክነት የራሱ ጉዳይ አድርጎ አያየውም፤ ሊያየውም አይገደድም።

የሠራተኛን ሐሳብ በመስማት ረገድ ግን ትንንሾቹ ድርጅቶች ከትልልቆቹ የተሻለ ዕድል አላቸው። አምስት ሰው በሚሠራበት ጋራዥ ወይም ብየዳ ቤት ባለቤቱ ራሱ እጁን ዘይት አስነክቶ ይውላል፤ ሐሳብ ከረዳት ወደ ባለቤት ለመድረስ ማመልከቻ አያስፈልገውም። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቆም ብሎ «ትናንት ምን አስቸገረን?» ማለት ይበቃል። ጥያቄው በየቀኑ መነሣት አለበት፤ ሥራ በበዛበት ቀን ደግሞ ይበልጡን፣ ምክንያቱም ብክነቱ የሚበዛው ያን ቀን ነው።

የቦሌ ሚካኤልም ሆናችሁ የሌላ ሰፈር ባለ ጋራዦች፣ ባለ ብየዳ ቤቶች፣ የልብስ ስፌትና የእንጨት ሥራ ባለቤቶች፦ አምስቱን «ማ»ዎች ግድግዳ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሠራተኛችሁ ላቀረበው ሐሳብ በሳምንቱ መልስ ስጡት። ካልተቀበላችሁት ምክንያቱን ንገሩት፤ ተቀብላችሁት ካተረፈላችሁ ደግሞ ከትርፉ አካፍሉት።