አዲስ ዓለም፤ ማገዶና ነዳጅ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የአምቦን መንገድ የያዘ መንገደኛ ሆለታን አልፎ አዲስ ዓለምን ያገኛል፤ ርቀቱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በኮረብታው ላይ የምትታየው የማርያም ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ ለቤተ መንግሥት የታሰበች እንደ ነበረች ከተማሪዎቻችን መካከል ስንቱ ያውቅ ይሆን?

ታሪኩ የማገዶ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ ሳሳ፤ እንጨቱም ከሩቅ የሚመጣ ሆነ። ስለዚህም ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማቸውን ደን ወዳለበት ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራውን አስጀመሩ። አሳቡ ግን አልተፈጸመም። በአዲስ አበባ ብዙ ቤት ተሠርቶ ስለ ነበር ጥሎ መሄዱ ቀላል አልሆነም፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍም ደረሰ። ጥድና ዝግባ ለማደግ የሰው ዕድሜ ሲፈልጉ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለማገዶ ይበቃል፤ ቢቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዋና ከተማን በቦታው ያስቀረ ዛፍ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ልብ እንበል፤ የከተማው ሰው ማገዶ መፈለጉን አልተወም። ከተማይቱ የዳነችው ምንጩ ስለ ተለወጠና ለውጡም ፈጥኖ ስለ ደረሰ ነው። ዛሬ ስለ ነዳጅ የሚነሣው ጥያቄም የፍጥነት ጥያቄ ነው። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2025 እንደ ገመተው፣ አገሮች አሁን ባላቸው ሕግ ብቻ ቢቀጥሉ የዓለም የነዳጅ ዘይት ፍላጎት በ2050 በቀን 113 ሚሊዮን በርሜል ይደርሳል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ፈጣን ዕቅድ ግን ቍጥሩ ወደ 24 ሚሊዮን ይወርዳል።

አገራችን ቤንዚኗንና ናፍጣዋን ከውጭ በምንዛሪ ትገዛለች። አብዛኛውም ከጅቡቲ በቦቴ ይመጣል፤ ቦቴውም ራሱ በመንገድ ላይ ናፍጣ ይጠጣል! መብራታችን ግን ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

እርምጃው የደፈረ መሆኑን እኛም እንመሰክራለን። ነገር ግን ትናንሽ አውቶሞቢሎች ይበልጡን የሚነኩት ቤንዚንን ነው፤ ከምናስገባው ነዳጅ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ደግሞ ናፍጣ ነው። ወጣት ሹማምንት ስለ ነዳጅ ወጪ ሲያሰሉ ይህን ቢለዩ መልካም ነው። የዓለም ፍላጎት ቢቀንስና ናፍጣ ቢረክስ ባለ ከባድ መኪናው አሮጌውን ሞተር ለመተው የሚቸኩልበት ምክንያት ያንሰዋል።

ለጊዜው የአምቦ ውሃ ጭኖ በአዲስ ዓለም በኩል ወደ ዋና ከተማ የሚወጣው መኪና የሚሄደው በናፍጣ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝም ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ተከምሯል፤ ገዢ አላጣም።