«ልቤን ያመኛል» ያለች ሴት በሐኪም ፊት



ልቡን የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «ጨጓራ ነው»፣ ወይም «ጭንቀት ነው»፣ ወይም «ብርድ መቶህ ነው» ተብሎ ቢመለስ፣ ሕመሙም እንደ ነበረ ቢቀጥል፣ ምን ማድረግ ይገባዋል? የዛሬው ንግግራችን በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። በመሥሪያ ቤት ተቀምጠን የሰው ማመልከቻ የምንመረምር ሁሉ ጥያቄውን የሌላ ሰው አድርገን ልንቆጥረው አይገባም። ከገጠር የመጣ ዘመድ ይዘን በካርድ ክፍል መስኮት ፊት የቆምን ዕለት፣ እኛው ራሳችን ባለጉዳዮች ሆነን እንገኛለንና።

ነገሩን በአንድ አገር ላይ አድርገን እንመልከተው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ዲላን እናገኛለን። ከዲላ ወደ ቡሌ ደጋ ሲወጣ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ቡናውና እንሰቱ በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚበቅሉበት ይህ ዳገታም አገር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ጎብኚው የሚያደንቀው ውበቱን ነው። ለሐኪም ግን ዳገቱ ሌላ ጥቅም አለው፤ ሰው በየቀኑ የሚወጣው ዳገት የልቡን ኃይል ከብዙ መሣሪያ አስቀድሞ ይመሰክራል።

ለምሳሌ አንዲት የ26 ዓመት ነፍሰ ጡር ሴት እናስብ። አምና እንስራዋን ተሸክማ ሳታርፍ ትወጣው የነበረውን ዳገት ዘንድሮ ባዶ እጇን ሦስት ጊዜ እየቆመች ትወጣዋለች። ሌሊት በጀርባዋ ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ከግድግዳ ተደግፋ ታድራለች። ማታ ማታ እግሯ ያብጣል። ጎረቤቶቿ «እርግዝና ነው፣ ይለፍልሻል» ይሏታል። በመጨረሻ የባሏ ወንድም ዲላ ወስዶ ለምርመራ ያቀርባታል። እርሷ በጌዴኦኛ ብዙ ትናገራለች፤ እርሱ ያን ሁሉ ወደ አማርኛ አሳጥሮ «ልቤን ያመኛል፣ ይደክመኛል ትላለች» ይላል። ሐኪሙ ከበር ውጭ የተሰለፈውን ወረፋ እያሰበ የጨጓራ መድኃኒት ይጽፍላታል።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ሐኪሙን ብቻ መውቀስ ይቀላል፤ ነገር ግን ፍርዱ የተሟላ አይሆንም። ጨጓራ በአገራችን እጅግ የተለመደ ሕመም ነው። ከዚህም በላይ ቋንቋችን ራሱ ያሳስታል። «ልቤን አቃጠለኝ» ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ጨጓራው ነው፤ «ልቤ ተሰበረ» ያለው ስለ ኀዘኑ፣ «ልቤ ጠፋ» ያለውም ስለ ድንጋጤው ነው። አንዱ ቃል ሆድንም፣ ሐሳብንም፣ ደም የሚረጨውንም ብልት ይጠራል። ስለዚህ «ልቤን» ብሎ ዝም ማለት ለሐኪሙ ምንም እንዳልነገሩት ያህል ነው።

በምሳሌያችን ያነሣናት ሴት ሕመም ምናልባት ከልጅነቷ የጀመረ ይሆናል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሩማቲክ ትኩሳት ያስከትላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ያሰናዳው ኃይል ተሳስቶ የልብን በሮች፣ ማለትም ቫልቮቹን፣ ያቆስላል። (ጉሮሮውን ለታመመ ልጅ እንጥል የማስቆረጥ ልማድ ለዚህ በሽታ አንዳች አይፈይድም፤ ይልቁንም ሌላ ጉዳት ይጨምራል።) የቆሰለው በር በዓመታት ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። ሴቲቱ እስክታረግዝ ድረስ ምንም ላይሰማት ይችላል። በእርግዝና ጊዜ ግን የደሟ መጠን ወደ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ የጠበበው በር ይህን ሁሉ ማሳለፍ ያቅተዋል፤ ደሙም ወደ ሳንባዋ ይመለሳል። ሳሏ ከሳንባ ምች፣ ደም የቀላቀለም እንደ ሆነ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር የሚምታታው በዚህ ምክንያት ነው። የልቧ ምት ሥርዓቱን ካጣ ደግሞ በልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ሽባ ሊያደርጋት ይችላል።

የጠበበው በር ድምፅ አለው፤ ዝቅ ያለ ማጉረምረም ነው። ደኅና ሆኖ የሚሰማው በሽተኛዋ በግራ ጎኗ ተኝታ፣ ልብሷ ገለጥ ብሎ፣ ክፍሉም ጸጥ ሲል ነው። በጋቢ ላይ የልብ ማዳመጫውን ለአፍታ አሳርፎ የሚያነሣ ሰው አይሰማውም። ማዳመጫው ራሱ የተገኘበት ታሪክ እዚህ ላይ ቢነሣ ያለ ቦታው አይሆንም። በፈረንጆች 1816 ፓሪስ ላይ ሬኔ ላኤኔክ የተባለው ሐኪም የልብ ሕመም ምልክት የታየባት ወጣት ሴት ቀረበችለት። ጆሮውን ከደረቷ ላይ ማሳረፍ ነውር ሆኖ ስለ ታየው ወረቀት ጠቅልሎ አዳመጣት፤ ድምፁም ከጠበቀው በላይ ጠርቶ ተሰማው። መሣሪያው የተወለደው የሴትን ልብ ለማድመጥ ሲባል ነበር። ይሁን እንጂ በፈረንጆች 1991 አሜሪካዊቷ ሐኪም በርናዲን ሂሊ፣ ሴቶች ልባቸው መታመሙን እንደ ወንድ ሆነው ካላስመሰከሩ በስተቀር ተገቢውን ሕክምና እንደማያገኙ በአንድ ታላቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? «ይታይልኝ» ብቻ የሚል፣ ቀንና ቁጥር የሌለው ማመልከቻ በእኛ ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚገጥመው እናውቃለን። ለሐኪም የሚቀርበውም አቤቱታ እንዲሁ ነው። ከመሄዳችን በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ምን ሲሠራ እንደሚብስ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ አምና ምን መሥራት ይቻል እንደ ነበረና ዛሬ ምን እንዳቃተ እንጻፍ። «ይደክማታል» ከማለት «አምና በአንድ ትንፋሽ ትወጣው የነበረውን ዳገት አሁን ሦስት ጊዜ ቆማ ነው የምትወጣው» ማለት ይበልጣል። በልጅነት ጉሮሮና መገጣጠሚያ እየታመመ ትኩሳት ያስቸግር እንደ ነበረ አይዘለል። ሕመሙ ያለበትን ቦታ በሽተኛዋ በራሷ እጅ ታሳይ። የምናስተረጉም ከሆንን ያለችውን ሁሉ እንናገር እንጂ አናሳጥርባት።

ሐኪሙ «ጨጓራ ነው» ካለ በትሕትና እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፦ «ዶክተር፣ ከልብ አለመሆኑን በምን ለይተው ዐወቁት? በግራ ጎኗ አስተኝተው ቢያዳምጡልን? በዚህ መድኃኒት ካልተሻላት በስንት ቀን እንመለስ?» የቫልቭን ሕመም አጥርቶ የሚያሳየው ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ነው። የኢሲጂ ውጤት ደኅና መሆኑ ብቻውን የቫልቭ ሕመም የለም አያሰኝም። መሣሪያው በቦታው ከሌለ የሪፈር ወረቀት እንጠይቅ። ምርመራው አያስፈልግም ከተባለም ምክንያቱ በካርዱ ላይ እንዲጻፍልን እንለምን፤ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያሰፍር የተጠየቀ ሰው አንድ ጊዜ ደግሞ ማሰቡ አይቀርም፣ ይህን ከመሥሪያ ቤታችን እናውቀዋለን። ሁለተኛ ሐኪም ማማከርም የመጀመሪያውን መስደብ አይደለም።

ይህ ሁሉ ጊዜ ላለው ሕመም ነው። ደረትን መሐል ለመሐል የሚጨቁን፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ የሚዘልቅ፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያላብስ ሕመም ከጥቂት ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ ወረቀት መጻፉን ትቶ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። በሴቶች ላይ ደግሞ የደረቱ ሕመም ቀለል ብሎ ድካሙ፣ ማቅለሽለሹና የጀርባው ሕመም ጎልቶ ሊታይ ይችላል።

በጊዜ ያልታወቀ የቫልቭ ሕመም መጨረሻው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት፣ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ብዙ ልጆችን አድኗል፤ ሆኖም ተራ የሚጠብቁት በሺህ የሚቆጠሩ እንደ ሆኑ ሲገለጽ ቆይቷል። ቀድሞ የታወቀለት በሽተኛ ግን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ ቁስሉ እንዳይደገም ይጠበቃል። መርፌው ለዓመታት የሚቀጥል ስለሆነ፣ ችግሩ ቀጠሮውን አለመርሳት ላይ ነው። በጌዴኦ በተለይ ቀጠሮው በቡና ለቀማ ወራት የዋለ እንደ ሆነ ሊታለፍ ይችላልና፣ ዲላ ላይ ደመወዝ የሚበላው ዘመድ ቀኑን በራሱ የቀን መቁጠሪያ ላይ ጽፎ ሰው ይላክባት።