የነፋስ ወፍጮው የማን ነው?

አንድ አሮጌ ወፍጮ ከኮረብታ ላይ ቆሞ ብታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የማን ነው?» ብላችሁ ነው። ጥያቄው አጭር ነው። መልሱ ግን አጭር አይደለም።

ወፍጮ እንደ በሬ አይደለም። በሬ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፤ ገዢው ገመዱን ይዞ ሲሄድ ነገሩ ያልቃል። ወፍጮ ግን ሦስት ነገሮች ተደራርበው ያቆሙት ንብረት ነው። አንደኛው ቤቱና ድንጋዩ ነው። ሁለተኛው ቤቱ የቆመበት መሬት ነው። ሦስተኛው ድንጋዩን የሚያዞረው ኃይል ነው፤ ይኸውም ወይ ውሃ ነው፣ ወይ ነፋስ። ሦስቱም በአንድ ሰው እጅ ካሉ ወራሹ ሰላም ያድራል። ሦስቱ በሦስት ሰው እጅ ከሆኑ ግን ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው ወፍጮ ብቻ አይደለም፤ ሙግትም አብሮ ይወርሳል።

ይህን ነገር በደንብ የሚያሳዩ አራት ወፍጮዎች አሉ። ሁለቱ በእንግሊዝ አገር፣ ሁለቱ ደግሞ ፕሩሲያ ይባል በነበረው የጀርመኖች መንግሥት ውስጥ የነበሩ ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ነፋስ ባለቤት አለው ወይ?

የውሃ ወፍጮ የምታውቁ ሰዎች የነፋሱን ለመረዳት አትቸገሩም። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። ልዩነቱ በውሃው ፈንታ የሚያዞረው ነፋስ መሆኑ ነው። ሸራ የለበሱ አራት ረጃጅም ክንፎች ነፋሱን ይቀበላሉ። የክንፎቹ ግንድ ጥርስ ያለው ትልቅ መንኰራኵር ያዞራል፤ መንኰራኵሩ ደግሞ ድንጋዩን ያዞራል። በጥንቱ ዓይነት የእንጨት ቤቱ በሙሉ የተቀመጠው በአንድ ወፍራም ምሰሶ ላይ ነው። ነፋሱ አቅጣጫ ሲለውጥ ባለወፍጮው ከበስተኋላ የወጣውን ረጅም እንጨት ገፍቶ ቤቱን እንዳለ ያዞረዋል።

እንግዲህ ነፋስ በሰማይ ያልፋል እንጂ ድንበር የለውም። ታዲያ ማን «የኔ ነው» ሊል ይችላል? ሊል ብቻ አይደለም፤ ብሎ ያፈረሰም አለ።

በ1191 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በሪ ሴንት ኤድመንድስ በሚባለው የገዳም ከተማ፣ ኸርበርት የሚባል ቄስ በመሬቱ ላይ የነፋስ ወፍጮ አቆመ። የገዳሙ አበምኔት ሳምሶን ይህን ሲሰማ በቁጣ ነደደ። በዚያ ዘመን ወፍጮ ለጌቶች ትልቅ የገቢ ምንጭ ነበር። እህሉን የሚያስፈጭ ሰው ከእህሉ ለወፍጮው ጌታ ቆርሶ ይሰጣል። የኸርበርት ወፍጮ መሥራት ከጀመረ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል፤ የገዳሙ ወፍጮዎችም ገቢያቸው ይቀንሳል። ኸርበርት በበኩሉ የነፋስ ጥቅም ለማንም ሰው የማይከለከል ነው፣ ደግሞም የምፈጨው የራሴን እህል ብቻ ነው ብሎ ተከራከረ። አበምኔቱ ግን አልሰማውም፤ አገልጋዮቹ ሄደው እንዲያፈርሱት አዘዘ። ኸርበርት ይህን ሲያውቅ ሌላ ሰው ሳይደርስ ወፍጮውን በገዛ እጁ አስፈረሰው።

ልብ በሉ፤ እንጨቱ የኸርበርት ነበር። ድንጋዩም የኸርበርት ነበር። የጎደለው ፈቃድ ነው። ለልጅ ማውረስ ቀርቶ ለራሱም አልቆመለት። ይህንን ሁሉ ዛሬ የምናውቀው ደግሞ ጆስሊን የሚባል የዚያው ገዳም መነኩሴ በዜና መዋዕሉ ጽፎ ስላቆየው ነው። ከስምንት መቶ ዓመት በላይ አልፏል። ከወፍጮው አንዲት ፍልጥ አልተረፈችም፤ ጽሑፉ ግን አለ።

አንዲት የሽያጭ ወረቀት

ሁለተኛው ወፍጮ ዕድለኛ ነው፤ ዛሬም ቆሟል። ያለው በዚያው በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ አጠገብ፣ ቦርን በሚባል መንደር ነው። በአንድ ምሰሶ ላይ ከሚዞሩት ከጥንቶቹ ዓይነቶች አንዱ ነው። የባለቤቶቹን ታሪክ ወደ ኋላ ስንከተል የምንደርሰው አንድ የ1636 ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ የሚለው ጆን ኩክ የሚባል ሰው ወፍጮውን ለቶማስ ኩክ መሸጡን ነው። ከዚያ ወዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ1931 ዓ.ም. በ45 ፓውንድ ተሸጠ። የገዙት ሰዎች ለራሳቸው አላስቀሩትም፤ በ1932 ዓ.ም. ለአካባቢው ቅርስ ጠባቂ ማኅበር ሰጡት።

እስቲ አስቡት፤ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ! ስንት ባለወፍጮ ዱቄት ለብሶ አርጅቷል፣ ስንት ልጅ ተወልዶበታል። ዛሬ ከእነርሱ መካከል ስሙ የሚጠራው በወረቀት የሰፈረው ሰው ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ አይደል?

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ

ሦስተኛው ወፍጮ በዓለም ሁሉ ስሙ የታወቀ ነው። ያለው በጀርመን አገር፣ በፖትስዳም ከተማ ነው።

በ1730ዎቹ ዓመታት የፕሩሲያው ንጉሥ ቀዳማዊ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም፣ ዮሐን ቪልሄልም ግሬቨኒትስ ለሚባል ባለወፍጮ የነፋስ ወፍጮ እንዲያቆም ፈቀደለት። ወፍጮው ተሠራ፤ መፍጨት ጀመረ። ቀጥሎ የንጉሡ ልጅ ዳግማዊ ፍሪድሪኽ ነገሠ። እርሱም ከ1745 እስከ 1747 ባለው ጊዜ ከዚያው ከወፍጮው አጠገብ ሳንሱሲ የሚባለውን ቤተ መንግሥት አሠራ። ስሙ በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው። ጎረቤቱ ባለወፍጮ ግን ሐሳብ ገባው።

አሁን አፈ ታሪኩን ስሙ። የወፍጮው ጩኸት ንጉሡን አሰልችቶት ወፍጮውን ልግዛህ አለው ይባላል። ባለወፍጮው እምቢ አለ። ንጉሡም ብፈልግ በነፃ እንደምወስድብህ አታውቅም ወይ ብሎ ቢያስፈራራው ባለወፍጮው በርሊን ውስጥ ፍርድ ቤት ባይኖር ኖሮ ልክ ነበሩ ብሎ መለሰለት፤ ንጉሡም አፍሮ ተወው ይላሉ። እኛ አገር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። በፖትስዳም ግን ንጉሥ ይከሰሳል ተብሎ ዝናው በአውሮፓ ተወራ። በ1797 አንድሪዩ የሚባል ፈረንሳዊ ገጣሚም በግጥም ጻፈው።

ወሬው ደስ ይላል። ነገር ግን እውነተኛው ነገር እንዲህ አልነበረም። አቤት ባዩ ንጉሡ ሳይሆን ባለወፍጮው ነበር። ቤተ መንግሥቱ ነፋሴን ይወስድብኛል ብሎ ወፍጮ በሌላ ቦታ ለማቆም ጠየቀ፤ ንጉሡም ፈቀደለት። ሙግቱ የጩኸት አልነበረም፤ የሦስተኛው ነገር፣ የኃይሉ ሙግት ነበር። ቤቱን ማንም አልነካበትም። ነገር ግን ነፋስ የማይደርሰው የነፋስ ወፍጮ ውሃ እንደሌለው ምንጭ ነው፤ ብትወርሰው ምን ይረባሃል?

የወፍጮው ዕድል ከዚያ በኋላም ብዙ ነው። አሮጌው እንጨት ሲያልቅ ከ1787 እስከ 1791 በቦታው ሌላ ትልቅ ወፍጮ ተሠራ። እርሱም በጦርነቱ መጨረሻ፣ በ1945 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ተቃጠለ። በ1993 ዓ.ም. ፖትስዳም አንድ ሺኛ ዓመቷን ስታከብር እንደገና ተሠርቶ ተከፈተ። ስለዚህ ዛሬ ጎብኚዎች «ንጉሡን ያሳፈረው ወፍጮ» ብለው የሚያዩት የግሬቨኒትስ እንጨት አይደለም። ስሙ ተወረሰ እንጂ አካሉ አልተወረሰም።

ውሃው ሲጠፋ ኪራዩ ይቀራል ወይ?

አፈ ታሪኩ ከየት መጣ? ብዙዎች ከሌላ ወፍጮ ታሪክ ጋር ተቀላቅሎ ነው ይላሉ። ይኸኛው የውሃ ወፍጮ ነው፤ ንጉሡ ግን ያው ዳግማዊ ፍሪድሪኽ ነው።

ፖመርሲግ በሚባል መንደር ክርስቲያን አርኖልድ የሚባል ባለወፍጮ ነበር። መንደሩ ዛሬ በፖላንድ አገር ውስጥ ይገኛል፤ ፖሞርስኮ ይባላል። አርኖልድ ወፍጮውን የያዘው ለዘር በሚተላለፍ የኪራይ ውል ነው። ይህ ማለት ወፍጮው ከአባት ለልጅ፣ ከልጅ ለልጅ ልጅ ይወረሳል፤ ነገር ግን ለመሬቱ ጌታ በየዓመቱ የሚከፈለው ኪራይም አብሮ ይወረሳል። የመሬቱ ጌታ ሽሜታው የሚባል መኳንንት ነበር።

በ1770 ዓ.ም. ከወንዙ በላይ መሬት ያለው ጌርስዶርፍ የሚባል ሌላ ባለሥልጣን የዓሣ ኩሬዎች አስቆፈረ። አርኖልድ «ውሃዬ ቀነሰ፣ ድንጋዩ አልዞር አለ፣ ከምን አምጥቼ ኪራይ እከፍላለሁ?» ብሎ መክፈሉን አቆመ። ሽሜታው ከሰሰው። የከሰሰው የት መሰላችሁ? በገዛ ግዛቱ በሚገኘው በራሱ ችሎት! በመጨረሻ በ1778 ዓ.ም. ወፍጮው በሐራጅ ተሸጠ።

ባልና ሚስቱ አርኖልዶች ዝም አላሉም። ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት አቤት አሉ፤ ተረቱ። ለንጉሡ ማመልከቻ ጻፉ፣ ደግመው ጻፉ። ዳኞቹ ያሉት እንዲህ ነው። የኪራዩ ዕዳ ከሽሜታው ጋር ነው፤ የውሃው ቅሬታ ደግሞ ከጌርስዶርፍ ጋር ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ጌርስዶርፍም በመሬቱ ላይ በሚያልፍ ውሃ መጠቀም መብቱ ነው። ደግሞም ከኩሬዎቹ በታች፣ ከአርኖልድ ወፍጮ በላይ፣ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ በዚያው ውሃ ይሠራ ነበር።

ንጉሡ ግን ዳኞቹ ለመኳንንቱ አድልተዋል ብሎ አመነ። በ1779 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ዋናውን የፍርድ ሚኒስትር ከሥልጣን ሻረ፣ ዳኞችን አሳሰረ፣ ወፍጮው ለአርኖልድ እንዲመለስ አዘዘ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ገበሬዎች ማመልከቻቸውን ይዘው ወደ ንጉሡ ቤተ መንግሥት ጎረፉ። «ድኻም ሰሚ አገኘ» ተባለ።

ነገር ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። ፍሪድሪኽ በ1786 ዓ.ም. ሲሞት አልጋ ወራሹ ፍርዱን ሻረው። ዳኞቹ በሕግ መሠረት ነበር የፈረዱት ተብሎ ክብራቸው ተመለሰላቸው፤ ካሳም ከመንግሥት ግምጃ ቤት ተከፈላቸው። እንግዲህ ፍርዱን ተመልከቱ። በአንድ ሰው ቁጣ የተገኘ መብት በዚያ ሰው ዕድሜ የተወሰነ ነው። ንጉሡ ሲሞት ፍርዱም አብሮት ሞተ። በ1794 ዓ.ም. በፕሩሲያ የወጣው ትልቁ የሕግ መጽሐፍ የተዘጋጀው ይህ ነገር ባስነሳው ክርክር ጊዜ ነው። ሕጉ ሰው ሁሉ ሊያነበው በሚችለው በጀርመንኛ ተጻፈ።

እኛስ ምን እንማራለን?

የአርኖልድን ነገር ስናይ አንድ ነገር ይገባናል። ውሉ ስለ ወፍጮውና ስለ ኪራዩ ሲናገር ውሃው ቢቀንስ ምን ይደረግ የሚለው ካልተቆረጠ ጣጣው ለተከራዩ ነው። ኸርበርት ፈቃድ ጎደለው፤ ግሬቨኒትስ ነፋስ ጎደለው፤ አርኖልድ ውሃ ጎደለው። ሦስቱም ቤትና ድንጋይ ነበራቸው።

ስለዚህ እናንተም የአንድ ወፍጮ ባለቤትነት እንድታጣሩ ብትጠየቁ፣ ወይም በማኅበር ሆናችሁ ወፍጮ ብትተክሉ፣ ነገሩን በዚህ መንገድ ያዙት።

በመጀመሪያ ከዛሬ ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ዛሬ የያዘው ማን ነው? ከማን አገኘው? ያስ ሰው ከማን? በእያንዳንዱ እርከን ላይ አንድ ወረቀት መኖር አለበት፤ የሽያጭ ውል፣ ኑዛዜ፣ የግብር ደረሰኝ ወይም የፍርድ ውሳኔ። ሽማግሌ ይጠየቅ፤ የሽማግሌ ቃል መንገድ ያሳያል። ነገር ግን የሳንሱሲን አፈ ታሪክ አትርሱ፤ መልካም ወሬ ሁሉ እውነት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሦስቱን ነገሮች ለየብቻ ጠይቁ። ቤቱና ድንጋዩ የማን ነው? መሬቱስ? ውሃው ከላይ ቢጠለፍ፣ ነፋሱ በሕንጻ ቢከለል፣ ሞተር ከሆነም ነዳጁና ጥገናው ቢጎድል ተጠያቂው ማን ነው? መልሱን በውሉ ውስጥ አጻፉት።

ሦስተኛ፣ በኑዛዜ ላይ «ወፍጮዬን ለልጆቼ» ብሎ መተው አይበቃም። ስንት ልጅ? እኩል ነው ወይስ ድርሻው ይለያያል? ድንጋይ ለሁለት አይከፈልም። የሚካፈሉት ገቢውን ከሆነ ሒሳቡን ማን ይይዛል? ዕዳ ካለስ ዕዳውን ማን ይወርሳል? ይህ ሁሉ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ፣ ምስክሮች ባሉበት ይጻፍ።

በመጨረሻም የፈረማችሁበትን ወረቀት ራሳችሁ አንብቡት። አንብቦ የሚነግራችሁ ሰው ደግ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሁልጊዜ ከአጠገባችሁ አይሆንም። አንድ ቅጂ በእጃችሁ ይቅር። አይጥና ጭስ ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት፤ የት እንዳለም ለሚስታችሁ፣ ለባላችሁ፣ ለልጆቻችሁ ንገሩ። ያልታወቀ ወረቀት ካልተጻፈ አይሻልም።