«ግፊቴ ሲነሳ ይታወቀኛል»

 

እዚህ አርባ ምንጭ በየሳምንቱ የምሰማት ንግግር ናት፦ «ዶክተር፣ ግፊቴ ሲነሳ ይታወቀኛል።» በቀደም ከሴቻ የመጡ አንድ አባት እንዲሁ አሉኝ። መድኃኒታቸውን ካቆሙ 4 ወር ሆኗቸዋል። ለምን አቆሙ ስላቸው «ደህና ነኝ እኮ ልጄ!» ለካሁ፤ 190 በ110። ራስ ምታት የለ፣ ማዞር የለ። የመጡት እንዲያውም ለጉልበታቸው ነው።

በከተማችን ውኃ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ምንጮቹ ከታች ጫካው ውስጥ ናቸው፤ ሴቻ ከላይ ነው። ስለዚህ ፓምፕ ያስፈልጋል። ልባችንም ፓምፕ ነው፤ ጭብጣችንን የሚያህል ጡንቻ። በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ይገፋል። በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል፤ ለመስቀል እንኳ አያርፍም! ቀኙ ክፍል ደሙን ወደ ሳንባ፣ ግራው በደም ቅዳ ቧንቧዎች ወደ መላ ሰውነት ይልካል። ስንለካ የላይኛው ቁጥር ልብ ሲገፋ፣ የታችኛው በምት መሃል ሲያርፍ ያለው ግፊት ነው።

ግን ደም ሥር እንደ ውኃ ቧንቧ አይደለም፤ ሕይወት ያለው፣ የሚለጠጥ ነገር ነው። ግፊቱ ለዓመታት ሲበዛበት ግድግዳው ይደድራል፣ ውስጡ ይጎዳል፣ ስብ ይይዛል። ልብም ጡንቻው ይወፍራል። ይሄ ጉልበት እንዳይመስላችሁ፤ የወፈረ ልብ ደም በደንብ አይሞላም፣ ቀስ በቀስም ይደክማል። የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይ ሲፈነዳ ስትሮክ ይመጣል። የኩላሊት ቀጫጭን ደም ሥሮችም አይተርፉም። ይሄ ሁሉ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያምም። ሰውነት ከፍ ያለውን ግፊት ይለምደዋል። «ይታወቀኛል» የሚያስተው እዚህ ላይ ነው።

አባታችን «በነጭ ሽንኩርት አወርደዋለሁ» ብለውኝም ነበር። ሽንኩርቱን ይብሉ፣ ወጡ ይጣፍጣል፤ ክኒኑን ግን አይተካም። ቁጥሩ ሲስተካከል መድኃኒቱ ስለያዘው ነው፣ በሽታው ስለጠፋ አይደለም። ሳል ወይም የእግር እብጠት ካመጣባችሁ ንገሩን፣ እንቀይራለን። በራሳችሁ አታቁሙ።

ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ፦ ለጉልበታቸው ከፋርማሲ እየገዙ ዳይክሎፌናክ ይውጣሉ። እሱ ራሱ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ማን ነግሯቸው!

ከመለካታችሁ በፊት 30 ደቂቃ ቡና አትጠጡ፣ 5 ደቂቃ ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ ተቀመጡ፣ ሲለካ አታውሩ። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂዱ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መንተባተብ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

አባታችን በ2 ሳምንታቸው ተመለሱ፤ 146 በ88። ደስ አለኝ። እሳቸው ግን «ጉልበቴስ?» አሉኝ። እሱን በሚቀጥለው ፖስት።


ለምትወዱት ሰው ሼር አድርጉ።