የሥጋ ደዌን ለሕፃናት ማስተማር፦ ከዘነበወርቅ ሰፈር ሲታይ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዘነበወርቅ ሰፈር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በልዕልት ዘነበወርቅ ኃይለ ሥላሴ ስም ከተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በዚያን ጊዜ ስፍራው ከከተማው ዳር ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ ለሕክምና የመጡ ብዙ ሰዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስ ስለከበዳቸው በዚያው ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። በ1958 ዓ.ም. በስፍራው አለርት በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ተመሠረተ። ከተማውም እያደገ ሄዶ ሰፈሩን ዋጠው። ዛሬ የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ከሌሎች ሕፃናት ጋር በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። በአካባቢው ለሚያስተምር መምህር እንግዲህ የሥጋ ደዌ ከመጽሐፍ ብቻ የሚነበብ ርዕስ አይደለም።

ችግሩ ርዕሱ የየትኛው ትምህርት እንደሆነ አለመለየቱ ነው። በአንደኛ ደረጃ ስለ ተላላፊ በሽታዎች የሚነገረው በአካባቢ ሳይንስ እንዲሁም በጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲሆን፣ ሰውን ስለማክበር የሚነገረው ደግሞ በግብረ ገብ ነው። የሥጋ ደዌ ግን ሁለቱን በአንድነት ይጠይቃል። ባክቴሪያውን ብቻ የተማረ ሕፃን ከጓደኛው ይሸሻል፤ «አትናቁ» የሚል ምክር ብቻ የሰማም ምክንያቱን ስለማያውቅ ሲፈራ ምክሩን ይረሳዋል።

ከምክንያቱ እንጀምር። የበሽታውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን ነው፤ ከአለርት ጎን ያለው የምርምር ተቋምም በስሙ ይጠራል። ይህ ባክቴሪያ እጅግ ዘገምተኛ ነው። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ሲራቡ እርሱ አንድ ጊዜ ለመከፈል ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። እስከ ዛሬም በቤተ ሙከራ ሰው ሠራሽ ምግብ ላይ ሊያድግ አልቻለም። በዚህም የተነሳ በሽታው ከተላለፈ በኋላ ምልክቱ የሚታየው በአማካይ ከአምስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

በሽታው በዘር ይወረሳል የሚለው እምነት የተመሠረተው በዚሁ ዝግታ ላይ ይመስላል። የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ ሕመምተኛ ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ በመኖር፣ ከአፍንጫና ከአፍ በሚወጣ ጠብታ አማካይነት ነው። አብሮ የሚኖር ደግሞ ቤተሰብ ነው። አባት ታሞ ከዓመታት በኋላ ልጅ ሲታመም ያየ ጎረቤት «የዘር ነው» ቢል ያየውን ነገር አልዋሸም፤ የተሳሳተው ምክንያቱን ነው። ይህን ለአራተኛ ክፍል ተማሪ ማስረዳት አያስቸግርም። በእኔ አስተያየት «አያቶቻችን አላዋቂዎች ነበሩ» ከማለት እንዴት ሊሳሳቱ እንደቻሉ ማሳየት ይበልጣል።

ሁለተኛው ስህተት ገበታን ይመለከታል። የበሽታው ተጠቂ በስሙ ካልተጠራ ገብቶ ከሰው ጋር ይፈተፍታል የሚል ተረት በአማርኛ አለ። ተረቱ ስድብ ብቻ ሳይሆን ስለ መተላለፊያው መንገድ የቀረበ መላምት ጭምር ነው፤ መላምቱም ውድቅ ሆኗል። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ ወይም ጎን ለጎን በመቀመጥ በሽታው አይተላለፍም። አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው የመከላከል አቅም አለው። መድኃኒት የጀመረ ሕመምተኛም ለሌላው አያስተላልፍም።

ሕፃናት ከሁሉ በላይ የሚጠይቁት ስለ ጣት ነው። ባክቴሪያው ጣት አይበላም። የሚያጠቃው ከቆዳ ሥር ያሉትን የስሜት ነርቮች ነው። ስሜቱ የጠፋ እጅ የጋለ ምጣድ ሲነካ አይሸሽም፤ ስሜት አልባ እግርም በጫማ ውስጥ ሚስማር ይዞ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ይደጋገማል፣ ከጊዜ በኋላ አጥንቱ ይሟሽሻል። አካልን የሚያጎድለው ይህ ሁሉ ተደማምሮ ነው። ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሰንና ክሎፋዚሚን የተባሉት መድኃኒቶች እንደ በሽታው ዓይነት በስድስት ወይም በአሥራ ሁለት ወር ባክቴሪያውን ያጠፋሉ፤ የሞተውን ነርቭ ግን አይመልሱም። እሳቱ ጠፍቷል፣ የተቃጠለው ቤት ግን እንደተቃጠለ ነው። ጣቱ የጎደለ ሽማግሌ መንገድ ላይ ያየ ሕፃን፣ ሰውየው ምናልባት ከብዙ ዓመት በፊት የዳነ መሆኑን የሚረዳው ይህን ሲያውቅ ነው።

ለክፍል የሚሆን ሙከራም አለ። ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ ጓደኛው ክንዱን በጥጥ ጫፍ በስሱ ይነካዋል፤ እርሱም የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል። ሐኪሞች የሥጋ ደዌን ከሌሎች የቆዳ ሕመሞች ለመለየት የሚጠቀሙበት ዘዴ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጭርት ያሳክካል፤ ለምጽ ቆዳውን ነጭ ቢያደርገውም ስሜቱን አያጠፋም። (በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ «ለምጽ» የሚለው ቃል ዛሬ ከምንሰጠው ትርጉም ሰፋ ያለ በመሆኑ ተማሪዎች ግራ ቢጋቡ አያስደንቅም።) የደበዘዘ ወይም የቀላ፣ የማያሳክክና ጥጥ ሲነካው የማይሰማ ነጠብጣብ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

እዚህ ላይ መምህሩ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ሙከራው ስለ ስሜት ሕዋሳት ለመማሪያ እንጂ በተማሪዎች ፊት ሕመምተኛ ለመፈለጊያ አይደለም። አጠራጣሪ ነጠብጣብ ያየ መምህር በክፍል ውስጥ ቃል ሳይተነፍስ ወላጅን ለብቻው ጠርቶ ማነጋገርና ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አለበት፤ ሕክምናው በነፃ ነው። በኢትዮጵያ ዛሬም በየዓመቱ ከ2000 በላይ አዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ይገኙበታል። ነርቩ ሳይጎዳ መድኃኒት የጀመረ ሕፃን አካሉ ሳይጎድል ያድጋል።